ክትክታውን አትመንጥሩት

ሰኔ ሲጠባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚደውለው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «እትዬ፣ የወይራ ችግኝ ከየት አገኛለሁ? ስንት ነው የሚሸጠው?» የኔም መልስ አንድ ነው፦ «ከችግኙ በፊት ተራራው ላይ ውጣና ጉቶ ቁጠር።» ግማሹ ይስቃል። ግማሹ ደግሞ ያልሰማሁት መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግምልኛል። ለእያንዳንዱ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ይብቃኝ ብዬ ነው።

ትውልዴ ከኮምቦልቻ በላይ፣ የጎፍ ተራራ ግርጌ ነው። ችግኝ ጣቢያ በቀን ሠራተኛነት ገብቼ፣ አፈር ስነፋና ፖሊቲን (የችግኝ ላስቲክ ከረጢት) ስሞላ ከርሜ፣ ፎርማን ሆኜ ወጣሁ። እናቴም ከኔ በፊት እዚያው ጋራ ላይ ሠርታለች። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በምግብ ለሥራ እርከን ትክብ፣ ጉድጓድ ትቆፍር ነበር፤ የቀን ድርሻዋ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ግን «የመንግሥት ነው» ሲባል የኖረ ደን የማንም ሳይሆን ቀረና በየጋራው መጥረቢያ ገባ። እናቴ ራሷ ቆፍራ የተከለችውን የፈረንጅ ጥድ ለማገዶ ተሸክማ ስትወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። አልፈርድባትም። የዚያን ዓመት ክረምት ማገዶ አልነበረንም።

ይህ ጽሑፍ ከመንደሩ ጀርባ የተራቆተ ተዳፋት ላለውና ወይራውን፣ ጥዱን መመለስ ለሚፈልግ ሰው ነው። ለሪፖርት አሥር ሺህ ለሚተክል አይሆንም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም ዶማዬን ይዤ ወጥቼ ነበር፤ ደስ የሚል ቀን ነበር። ፍየል ግን የምትመጣው በማግሥቱ ነው።

ጉቶውን ፈልጉ

ወይራና ጥድ ጎን ለጎን ይቁሙ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ጥድ ከሥሩ ከተቆረጠ አለቀለት፤ ጉቶው አያቆጠቁጥም። ወይራ ግን ደጋግመው ቢቆርጡትም ሥሩ እስካልተነቀለ ድረስ ያቆጠቁጣል። ችግሩ፣ ያቆጠቆጠውን ፍየል ዕለት ዕለት ስለምትቀረጥፈው ከጉልበት በላይ አያልፍም። ተዳፋቱ ላይ እንደ ትራስ የተድበለበለ፣ ቅጠሉ የደቀቀ፣ ቅርንጫፉ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነገር ካያችሁ ተራ ቁጥቋጦ ነው ብላችሁ አትለፉት። ቅጠሉን ገልብጡት። ላዩ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ጀርባው ወደ ቡናማ ያደላ ከሆነ ወይራ ነው፤ ሥሩም ምናልባት ከናንተ ዕድሜ ይበልጣል።

ለዚህ ሥራ የሚሻለው ጥርና የካቲት ነው፤ ሣሩ ደርቆ መሬቱ ይታያል፣ የበልግ ዝናብም ገና አልመጣም። ብቻችሁን አትውጡ። አንድ እረኛ ልጅ ያዙ፣ ፍየሎቹ የት እንደሚውሉ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እንጨት ለቀማ የምትወጣ አንዲት እናትም ያዙ፣ እሷ ደግሞ የትኛው ጉቶ እንደሚያቆጠቁጥ በስም ትጠራላችኋለች። ባለሙያ ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘም እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። መጋዝ፣ የመግረዣ መቀስና ቀይ የጨርቅ ቁራጭ ያዙ።

ከጉቶው ከወጡት ቅርንጫፎች ቀጥ ያሉና ደንደን ያሉ 2 ወይም 3 ምረጡ። የቀሩትን ከሥራቸው ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ቁስሉ ላይ ውሃ እንዳይቋጥር። አንድ ብቻ አታስቀሩ፤ በሬ ታክኮ ከሰበረው ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። ከ2 ወይም 3 ዓመት በኋላ ከነሱ አንዱን ትመርጣላችሁ። የተቆረጠውን ከእሾህ ጋር ዙሪያውን ከምሩበት፣ የፍየል አፍ እንዳይደርስ። ትንሽ ለወተት ዕቃ ማጠኛ ብትወስዱ ማንም አይቀየማችሁም፤ አብራችሁ የወጣችውም እናት ሥራው እንደሚጠቅማት ያን ጊዜ ይገባታል። ከዚያ ቀይ ጨርቁን እሰሩበት፣ ቁጥሩንም ጻፉ። እኛ መንደር 40 ችግኝ ለመለመን ወረዳ ልንሄድ የተዘጋጀን ቀን ቆጥረን 112 ጉቶ አገኘን። ተመልሰን ቡና ጠጣን።

ጉቶው ከችግኝ የሚበልጥበት ምክንያት ሥሩ ነው። ውሃው ያለበትን አስቀድሞ ያውቃል፤ ማንም ሳያጠጣው በጋውን ይወጣዋል።

ከቁጥቋጦው ሥር

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ፎርማን በሆንኩ ሰሞን ከቤቴ ጀርባ ላለው ተዳፋት 60 የወይራ ችግኝ ወሰድኩ። ቦታውን የክትክታና የደደሆ ቁጥቋጦ ወርሮታል። «ዱር» አልኩና ጅጌ ጠራሁ። ንፍሮ ቀቀልኩ፣ ቡና እስከ በረካው አፈላሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አስመነጠርኩት። መሬቱ እንደ አውድማ ጥርት አለ። በገመድ እየለካሁ በመስመር ተከልኩ፤ ያየው ሁሉ አደነቀኝ። በሚቀጥለው ግንቦት ስቆጥር የቀሩት 7 ናቸው። ከ7ቱ 5ቱ የነበሩት ጅገኞቹ መሽቶባቸው ሳይመነጥሩ በተዉት ጥግ፣ ክትክታ ሥር ነበር።

እዚያ ጥግ ተንበርክኬ ሳይ ደግሞ እኔ ያልተከልኳት አንዲት የስንዝር ወይራ አገኘሁ። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ነጭ የወፍ ኩስ ደርቋል፣ ኩሱ ውስጥ የተላጡ ሁለት የወይራ ፍሬዎች። ወፍ ፍሬውን ስትውጥ ሥጋው ይፈጫል፣ ጠንካራው ፍሬ ግን ከኩሷ ጋር ይወድቃል። የሚወድቀው ደግሞ ባረፈችበት ነው፤ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ማረፊያዋ ቁጥቋጦ ነው። ከሥሩ ጥላ አለ፣ የረገፈው ቅጠል እርጥበት ይይዛል። ክትክታ ቅጠሉ የሚጣበቅ ስለሆነ ፍየል አትደፍረውም፤ ደደሆንም እንዲሁ። አጋምና ቀጋ ደግሞ እሾሃቸው ይበቃል። እኔ 53 ችግኝ የገደልኩት እነዚህን ሁሉ ዘበኞች ደግሼ አስባርሬ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ቁጥቋጦውን አትንኩት፤ ከታች የደረቀውን ቅርንጫፍ ብቻ አንሡ። ችግኙን ከቁጥቋጦው በስተምሥራቅ ትከሉ፤ የሚያቃጥለው የከሰዓት ፀሐይ ስለሆነ ያን ጊዜ ጥላው ችግኙ ላይ ይወድቃል። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቁ፣ ከቅርንጫፉ ጥላ ግን አትውጡ። ከታች በቁልቁለቱ በኩል ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ትንሽ ክትር በድንጋይ ካቡለት፣ ጎርፉ እንዲቆምለት። ወይራው ከቁጥቋጦው ራስ በላይ ሲወጣ ክትክታው በጥላው እየደከመ ይሄዳል፤ ብርሃን ወዳድ ነው። እናንተ አትቸኩሉ።

ቁጥቋጦ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የወፍ ቆሎን ከሥሩ ነቅላችሁ አውጡት። አበባው ቢያምርም፣ ወፍም ፍሬውን ብትወደው፣ ከገባ ሌላውን አያስበቅልም። አጥር ብላችሁም አትትከሉት።

ዘሩን «ቅጭ» ማድረግ

ጉቶም ቁጥቋጦም ካያችሁ በኋላ ክፍተት ይቀራል፤ ችግኝ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው። ወሎ ውስጥ ጥሩ እናት ዛፍ የቀረው አምልኮና ቀብር ባለበት ነው፦ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ መስጊድ ግቢ፣ የድሮ መካነ መቃብር። አስፈቅዳችሁ ግቡ። ከአንድ ዛፍ ብቻ አትልቀሙ፤ የአንድ እናት ልጆች አንድ በሽታ ይጨርሳቸዋል። ቢያንስ ከ10 ዛፍ፣ ተራርቀው ከቆሙት።

ወይራ የሚለቀመው ፍሬው ጠቁሮ ወይን ጠጅ ሲሆን ነው። አረንጓዴውን ተዉት። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ ጠዋት በአሸዋ አሹት፣ ሥጋው ይለቃል። የሚንሳፈፈውን ድፉ፣ የሰጠመውን ጥላ ላይ አድርቁ። እስከዚህ ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ቀጥሎ ነው፦ የወይራ ፍሬ ቅርፊቱ እንደ አጥንት ነው። ሳይሰነጠቅ ከተዘራ ወራት ይቆያል፣ ሰውም «ዘሩ አይሠራም» ብሎ መደቡን ሽንኩርት ይዘራበታል።

ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። ፍሬውን በጎኑ አስተኙት፣ እንዳይፈናጠር በሁለት ጣት ያዙት፣ በእንቁላል መጠን ድንጋይ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ጆሯችሁን ስጡ። የገብስ ቆሎ ጥርስ ሥር እንደሚለው «ቅጭ» ካለ በቃ፣ አቁሙ። «ድፍ» ካለ ውስጡ ተፈጭቷል፤ ጣሉት። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ማበላሸታችሁ አይቀርም፣ አብሽሩ። እኛ ጣቢያ በኋላ በፒንሳ ሹሉን ጫፍ ብቻ መቀንጠስ ጀመርን፤ ለዚህ ሥራ ከወንዶቹ ይልቅ ምስር የሚለቅሙት እናቶች እጅ ነው የሚሆነው። የተሰነጠቀውን 2 ቀን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ፣ ውሃውን እየለወጣችሁ አቆዩት፣ ከዚያ ጥፍር በሚያህል ጥልቀት ዝሩ።

ጥድ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ነው። ፍሬ የምታፈራዋ ሴቴዋ ናት፤ ሲበስል አመድ የተነሰነሰበት ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። አንድ ቦታ ላይ «ይሄ ፍሬ የለውም» ተብሎ ወንዴው ለግንባታ ሲቆረጥ ደርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የቀሩት ሴቴዎች ፍሬያቸው ባዶ ሆነ። ጥድ ድሮም ባዶ ፍሬ ይበዛዋል፤ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ የሚንሳፈፈውን ድፉ፣ ከሚያስፈልጋችሁም አብዝታችሁ ዝሩ። ከዚያ ውሃ አታብዙበት፣ አንገቱ ላይ በስብሶ ይወድቃል።

ከደላንታና ከመቄት በኩል ያላችሁ ደገኞች ስለ ኮሶ ትጠይቁኛላችሁ። ኮሶም ወንዴና ሴቴ አለው። ለመድኃኒት የሚቆረጠው ቀዩ የሴቴዋ አበባ ነው፣ ዘሩ ሳይደርስ። በየመንደሩ አንዲት ሴቴ ኮሶ ማንም እንዳይነካት ተስማሙ፤ ሌላ ብልሃት የለውም። ዘሩ ስለማይቆይ በለቀማችሁበት ዓመት ዝሩት፤ በጣም ደቃቅ ነው፣ ከአሸዋ ጋር አደባልቃችሁ በትናችሁ በእጅ ጫን አድርጉት እንጂ አትቅበሩት።

የፖሊቲኑ አፈር 3 እጅ ለም አፈር፣ 2 እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። ዳስ ጥሉበት። ሊተከል 2 ወር ሲቀረው ዳሱን አንሡ፣ ውሃውንም ቀንሱ፤ ተራራ ላይ ማንም አያቀማጥለውም። ዘንድሮ የዘራችሁት ወይራ የሚወጣው ለከርሞ ክረምት ነው።

ጉድጓዱ ግንቦት ይቆፈር፣ 40 ሴንቲ ሜትር በየአቅጣጫው፣ የላዩ አፈር ከታችኛው ተለይቶ። ለመትከል ቀን አትቁረጡ። እጃችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ፤ እርጥበቱ እስከ ክርን ከደረሰ ያ ቀኑ ነው። እኛ ዘንድ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ነው የሚሆነው። አንድ ዓመት፣ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት ሁለት ኤንትሬ መኪና ሙሉ ችግኝ ፍልሰታ ሲፈታ አመጣልን። ፎቶ ተነሣን፣ ተከልን። ጥር ላይ ስወጣ የደረቀውን ስነቅል ብዙው ፖሊቲኑ እንኳን አልተቀደደለትም፣ ሥሩ ውስጡ እንደ ክር ልቃቂት ተጠምጥሟል። ፖሊቲኑን ቅደዱ፣ አውጡ፣ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ሰዎች ይህንን ለመናገር ያፍራሉ፤ ከሚሞተው ችግኝ ስንቱ በዚህ እንደሚሞት ብታዩ ግን አታፍሩም።

ፍየሏና ቅሬው

ከዚህ በላይ ያልኩት ሁሉ ስለ ፍየሏ ካልተነጋገራችሁ ከንቱ ነው። ዘበኛ መቅጠር ብቻ አይሆንም፤ ዘበኛው የፍየሏ ባለቤት ዘመድ ነው። እኛ ነገሩን የወሰድነው ወደ ቅሬ፣ ማለትም ወደ ዕድራችን ነው። ቅሬ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም አለ፣ ሰው ከፖሊስ ይልቅ «የሚቀብረኝ አጣለሁ» ብሎ ይፈራል፣ የመዋጮ ሣጥንና መዝገብም አለው። ድንበሩን ሽማግሌዎቹ ፊት በእግር ዞርን፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሕጉን መዝገቡ ላይ ጻፍን። ልቅ ግጦሽ የለም። ሣሩ ኅዳር ላይ በዕጣ ተከፋፍሎ ይታጨዳል። ደረቅ እንጨት በሳምንት አንድ ቀን፣ በእጅ ብቻ፣ መጥረቢያ ይዞ መግባት ክልክል። ቅጣቱ ወደ ቅሬው ሣጥን ይገባል እንጂ ለማንም ኪስ አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ፍየል ያለው አብዛኛውን ጊዜ ድኻው ነው። ላምና በሬ ያለውማ ሣር በዕጣ ሲደርሰው ይመርቃችኋል። እኛ መንደር አራት ፍየል ያላት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ስብሰባው መሐል ተነሥታ «ልጆቼን ወይራ ላብላቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ስብሰባው ተበተነ። በሁለተኛው ስብሰባ ተራራውን በሁለት ከፈልነው፤ የላዩን ግማሽ ከለልን፣ የታችኛውንና ወደ ውሃው የሚወስደውን መንገድ ለቀቅን። የሣሩ የመጀመሪያ ዕጣ ሁለት ዓመት ፍየል ላላቸው ቤቶች ይሁን ተባለ። ሴትየዋ እስከ ዛሬ አትወደኝም። ሣሩን ግን ታጭዳለች፣ ፍየሎቿም አይገቡም።

የጎረቤት ቀበሌ ከብት ሲገባ ደግሞ የኛ ቅሬ አይደርስበትም። ያን ጊዜ የአበጋር፣ ማለትም ጠብ የሚያስታርቁ፣ ሽማግሌዎች ይጠሩ፤ ክስ ከመመሥረት ይቀድማል። ወረቀትም ያስፈልጋል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብና የማኅበር ደንን በሕግ ያውቃል፤ ወረዳችሁን ጠይቃችሁ የይዞታ ማረጋገጫውን አውጡ። ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ተራራችሁ ላይ በመጣ ጊዜ ቅሬው ብቻውን አይመክትም።

ባሕር ዛፍ ጠላት ነው አልልም። ጓሮአችሁ ውስጥ፣ ከምንጭ ርቆ፣ ለማገዶና ለማገር ትከሉት። ቤቱ የሚነድ እንጨት የሌለው ሰው ወይራ ይቆርጣል፤ እናቴን አይቻለሁ።

አውሬው ሲመለስ

በከለልነው ቦታ መጀመሪያ የተመለሰችው ቆቅ ናት። ቀጥሎ ሚዳቋ፣ በማለዳ፣ ጭጋጉ ሳይነሣ። ከዚያ ጦጣና ዝንጀሮ መጡና ማሽላችንን በሉ። «ደን አውሬ ያመጣል» ብለው የተቃወሙን ሰዎች ትክክል ነበሩ፤ ይህን አስቀድማችሁ ሳትደብቁ ተናገሩ። እህሉ ሊደርስ ሲል ጥበቃው በተራ ይሁን፣ ተራው መዝገብ ላይ ይጻፍ፣ እርሻው ከደኑ ጠርዝ ያለ ሰው ብቻውን እንዳይቀር። ደኑ ዳር ያለ ገበሬ ቀፎ የሚሰቅልበት ቦታ ቅድሚያ ያግኝ፤ የወይራው አበባ ሲፈነዳ ማሩ ይክሰዋል።

በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ፓርክና በአቡነ ዮሴፍ አካባቢ ያላችሁ ሰዎች አንድ ሥራ ይጨመርባችኋል፦ ውሻችሁን አስከትቡ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኛው አገር ብቻ ነው፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 አይበልጥም፤ ከውሻ የሚጋባበት የእብደት በሽታ ደግሞ መንጋውን በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል። ከብት ጠባቂ ውሻችሁን ሌሊት እሰሩት።

ቆጠራው ግንቦት ላይ ነው፣ በጋው ካለፈ በኋላ እንጂ መስከረም ላይ አይደለም፤ መስከረም ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። የሞተውን ከነምክንያቱ ጻፉ፦ ፍየል፣ ድርቅ፣ ምስጥ፣ ሰው። በሚቀጥለው ጥር ከእረኛው ልጅ ጋር እንደገና ውጡ። ቀይ ጨርቅም ያዙ፤ የኔን የአምናውን ግማሹን ፍየል በልታዋለች።